ክሩን ጣታችሁ ላይ አድርጉት
ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ለወጣት ዓሣ አጥማጆች የቀረበ ንግግር

ጤና ይስጥልኝ! አባቶችና እናቶች፣ መንጠቆ ይዛችሁ የመጣችሁ ወጣቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ስለ ትዕግሥት ተናገር ተብዬ ነው የመጣሁት። ትዕግሥት ብቻውን ግን ዓሣ አይዝም። እኔን የሚያሳስበኝ ትዕግሥቱ ከየት ይመጣል የሚለው ነው።

ልጅ ሳለሁ አባይ ከጣና ከሚወጣበት አካባቢ አጠምድ ነበር። አንድ ጠዋት ሰባት ቦታ ቀያየርኩ። እዚህ እጥላለሁ፣ ትንሽ እጠብቃለሁ፣ እነቅልና ወደዚያ እሮጣለሁ። በደንገል ታንኳ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ግን ከንጋት ጀምሮ ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም። በኋላ ጠሩኝ።

«አንተ ልጅ፣ እዚያ ጋ ዓሣ አለ?»

«እንጃ አባባ።»

«እንጃ ካልክ ለምን ጣልክ?»

መልስ አጣሁ። እሳቸው ደንገሉን በጣታቸው አሳዩኝ። ሥሩ ላይ ትናንሽ ዓሦች በድንገት ብትን ይላሉ፣ ውሃው ይረጋል፣ ደግሞ ብትን ይላሉ። ከታች የሚያድናቸው አለ ማለት ነው። ሽማግሌው የታገሡት ይህን አይተው ነው። እኔ ያላየሁትን እንዴት ልታገሥ?

ባስ የሚባል ዓሣ አለ። እኛ አገር የለም፤ አገሩ ሰሜን አሜሪካ ነው። ሣርና የወደቀ ግንድ ሥር አድፍጦ የሚያልፈውን ዓሣ ይይዛል። ውሃው ሲቀዘቅዝ ሰውነቱም አብሮ ይቀዘቅዛል፣ ሮጦ ማሳደድ ይተዋል። ያኔ ማጥመጃውን፣ ማለትም ምግብ መስሎ የሚያታልለውን ነገር፣ አፉ አጠገብ በቀስታ ማሳለፍ ያስፈልጋል። የባስ አጥማጆች ሣጥናቸው በሰው ሠራሽ ማጥመጃ የተሞላ ነው። ሲጨንቃቸው ግን የሚመለሱት ወደሚተማመኑበት አንድ ማጥመጃ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ያመነ ሰው በቀስታ ይስባል፣ ዓይኑን ከክሩ አይነቅልም። የተጠራጠረ ሰው ቶሎ ይጠቀልላል፣ ልቡ ሌላ ቦታ ነው። ማጥመጃው ያው ነው፤ የተለያየው እጁ ነው።

በፈረንጆቹ 1932 ጆርጅ ፔሪ የተባለ፣ አሜሪካ ውስጥ የጆርጂያ ግዛት ሰው 10 ኪሎ ያህል የሚመዝን ባስ አወጣ። የሚስተካከለው እስኪገኝ 77 ዓመት ፈጀ። በ2009 ማናቡ ኩሪታ ጃፓን ውስጥ ቢዋ ሐይቅ ላይ ያዘው። ያን ሁሉ ዘመን ሰው መንጠቆውን የጣለው «አለ» ብሎ ነው።

ባስ ሲበላ አፉን ከፍቶ ውሃውን ከነምግቡ ይስባል። ካልጣመው ወዲያው ይተፋዋል። ስለዚህ ክሩን ጣታችሁ ላይ አድርጉት። እኛም ውሃ ላይ ይህ ይሠራል። ትናንሾቹ ትሉን ሲለቃቅሙ ጣት ላይ ነዘር ነዘር ይላል። ዝም በሉ። ትልቁ ሲመጣ አንዳንዴ ምንም አይነዝርም፤ ክሩ ከበድ ይላል፣ ወይም ላላ ይላል። ያኔ ነው መሳብ። ይህን ለመለየት ሃሳባችሁ እዚያው መሆን አለበት።

ጣና ደግሞ ለመተማመን ይመቻል። ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ በአማካይ 8 ሜትር ገደማ ነው። ቆሮሶ አለ፣ አምባዛ አለ። ነጭ ዓሣ ከምንለው ወገን ከ10 በላይ ዝርያዎች በዓለም ላይ ጣና ብቻ ይገኛሉ። የጢስ አባይ ፏፏቴ ከታችኛው ወንዝ ለይቷቸው ነው የኖሩት። ግማሽ ያህሎቹ ሌላ ዓሣ አድነው ይበላሉ፤ የሚገርመው መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፣ ጥርሳቸው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው።

አሁን የሚያመኝን ልናገር። ክረምት ላይ ብዙዎቹ ነጭ ዓሦች እንቁላል ለመጣል ወደ ወንዞቹ ይወጣሉ። ያን ጊዜ ጠብቆ ወንዙን በመረብ የሚዘጋ አለ። ብርብራ የሚባለውን ዛፍ ፍሬ ወቅጦ ውሃው ላይ የሚበትን አለ። የብርብራው ፍሬ ትልቁንም ትንሹንም ያደነዝዛል፤ ሁሉም ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንላለን፤ ይህ ግን ተመልሶ የሚለቀም አይደለም። እባካችሁ፣ እንቁላል የያዘች ዓሣ መንጠቋችሁ ላይ ከመጣች እጃችሁን አርጥባችሁ በቀስታ ፍቱና ልቀቋት።

ነገ ሌሊት 11 ሰዓት እዚሁ እንገናኝ። መንጠቆ የሌለው ከእኔ ይወስዳል። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ማንም አይጥልም፤ ደንገሉን ብቻ እናያለን። ከዚያ እያንዳንዳችሁ የምትጥሉበትን ቦታና ለምን እንደመረጣችሁት ትነግሩኛላችሁ።

አመሰግናለሁ።