ግቢው በር ላይ የሚያልፈው ፋይበር

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፤ ብቻዬን ነኝ። የማወራውም ስለ ፋይበር ኬብል፣ መረጃን በብርሃን ስለሚያመላልሰው የመስታወት ክር፣ እና ስለ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ነው። ግማሾቻችሁ ከአሁኑ ሌላ ነገር ልትከፍቱ እንደሆነ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሱኝ፤ ጉዞ አለው።

ጉዞውን እንዲያውም አሁኑኑ እንጀምረው። ካርታ አውጡ። ከአዲስ አበባ በጎጃም በር ውጡ። ጎሃ ጽዮን፣ አባይ በረሃን ወረድ ብላችሁ ደጀን ላይ ብቅ፣ ከዚያ ደብረ ማርቆስ። ዩኒቨርሲቲ አለ። እንጅባራ፣ እዚያም አለ። ባሕር ዳር፣ ይሄማ አይነገርም። ወረታ ስትደርሱ ቀጥ ካላችሁ ጎንደር፣ ቀኝ ከታጠፋችሁ ደብረ ታቦር። ከደብረ ታቦር በጋሸና አድርጋችሁ ወልድያ። ከወልድያ ደሴና ኮምቦልቻ፣ ሁለቱም ላይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አለ። ከዚያ ጣርማ በርን ወጥታችሁ ደብረ ብርሃን። አበቃ፤ አዲስ አበባ ተመለሳችሁ።

ያየነው ምንድነው? ከአዲስ አበባ ውጪ በጠራናቸው ከተሞች 8 የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች፣ ወደ 1,400 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ፣ ከጎንደር ቅርንጫፍ በስተቀር ሁሉም አንድ ቀለበት ላይ። እንደኔ ኔትወርክ ሥራ ላይ ለቆየ ሰው ይሄ ካርታ ምራቅ ያስውጣል። ቀለበት ማለት አንድ ቦታ ላይ ቢበጠስ መረጃው ዞሮ በሌላው በኩል ይመጣል ማለት ነው። ደጀን ላይ ዶዘር ኬብሉን ቢበጥሰው ባሕር ዳር በወልድያ በኩል ትተነፍሳለች።

ዶዘር ያልኩት ለቀልድ አይደለም። በዚህ ሥራ ትልቁ ጠላት መንገድ ሠሪው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ውስጡ መዳብ አለ ብሎ የሚቆርጥ ሌባ ነው። ቆርጦ ሲያየው መስታወት ነው፤ ጥሎት ይሄዳል። እሱ ባዶ እጁን፣ እኛ ያለ ኔትወርክ።

እስቲ ስለ መስታወቱ ትንሽ ላውራ። እ.ኤ.አ. በ1966 ቻርለስ ካኦ የተባለ መሐንዲስ እንግሊዝ አገር ሆኖ አንድ ሐሳብ አቀረበ። የዚያን ጊዜ መስታወት ብርሃንን ይውጠው ስለነበር ለረጅም ርቀት አይሆንም ነበር። ካኦ ችግሩ ያለው ቆሻሻው ላይ ነው አለ። መስታወቱን ብታጠሩትና ከአንድ ኪሎ ሜትር በኋላ የገባው ብርሃን 1 በመቶው እንኳ ቢተርፍ ለስልክ ይበቃል ብሎ ሞገተ። ለዚህ ሥራው በ2009 ኖቤል ተሸለመ። ዛሬ ያው 1 በመቶ የሚቀረው ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ ነው! ስለዚህ ብርሃኑን በየ80 ኪሎ ሜትሩ ገደማ በማጉያ መሣሪያ እያደስን መላክ እንችላለን። የኛን ቀለበት አስሉት፤ 18 አካባቢ ትንንሽ ጣቢያ ቢኖር ይበቃል። በርግጥ እያንዳንዱ ጣቢያ መብራት፣ ባትሪ፣ ጄኔሬተርና ዘበኛ ይፈልጋል። እዚህ ላይ ነው የሚከብደው።

ሲበጠስ ደግሞ እንዴት እንደሚቀጠል ብታዩ። መንገድ ዳር፣ መኪና ውስጥ ወይም ትንሽ ድንኳን ውስጥ ሆኖ ነው፤ ነፋስና አቧራ ስለማይፈለግ። ቴክኒሻኑ የፕላስቲክ ሽፋኑን ይልጠዋል። የሚቀረው መስታወት ውፍረቱ 125 ማይክሮን፣ ማለትም የሚሊሜትር አንድ ስምንተኛ ነው፤ ብርሃኑ የሚሄድበት መሃሉ 9 ማይክሮን ብቻ። በአልኮል ይጠርገዋል፣ በስለት ቀጥ አድርጎ ይቆርጠዋል፣ ሁለቱን ጫፎች ማሽኑ ውስጥ ያስገባል። ማሽኑ ራሱ አስተካክሎ ያገጣጥማቸዋል፤ ከዚያ ቀጭን የኤሌክትሪክ ብልጭታ፣ አለቀ። ስክሪኑ ላይ መገጣጠሚያው የሚያባክነው ብርሃን 0.02 ዴሲቤል ካለ ፊቱ ይፈታል። 0.3 ካለ ይነጨዋል፣ እንደገና። ቁርጥራጮቹን አንድ በአንድ ፕላስተር ላይ ይለጥፋቸዋል፤ ቆዳ ውስጥ ከገባ አይታይም፣ አይወጣም። ኬብሉ 48 ፀጉር ካለው፣ ፀጉር የምለው አንዱን የመስታወት ክር ነው፣ ይሄ ሁሉ 48 ጊዜ ነው፤ ሰማያዊውን ከሰማያዊ፣ ብርቱካናማውን ከብርቱካናማ። እሱ እዚያ አጎንብሶ እያለ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሬጅስትራሩ መስኮት ላይ "ሲስተም የለም" የሚል ወረቀት ይለጠፋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ። ብዙ ሰው የዩኒቨርሲቲዎቻችን ችግር ፋይበር አለመኖሩ ይመስለዋል። እኔ ግን ፋይበሩ በር ላይ ያልፋል ባይ ነኝ። መንገድ ዳር የተቀበረ አለ። ከዚያ በላይ ደግሞ ቀና ብላችሁ እዩ። ከፍተኛ ኃይል የሚያስተላልፉት የብረት ምሶሶዎች አናት ላይ፣ ከመብረቅ የሚከላከል አንድ ሽቦ ተዘርግቷል። በዘመኑ አሠራር ያ ሽቦ ሆዱ ውስጥ ፋይበር ይይዛል። የኤሌክትሪክ ኃይል መሥሪያ ቤቱ ለራሱ መቆጣጠሪያ ከሚፈልገው በላይ ፋይበር ስለሚኖረው፣ የተረፈውን ለቴሌኮም ኩባንያ ማከራየት የተለመደ ነው። ከበለስ ተነስቶ በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ ሱሉልታ የሚገባው 400 ኪሎቮልት መስመር የኛን ቀለበት ግማሽ ጎን ይዞ ነው የሚሄደው። የአባይ በረሃ ናዳ ምሶሶ ላይ ያለውን ሽቦ እንደተቀበረው ኬብል አያሰቃየውም።

ታዲያ የጎደለው ምንድነው? የመጠቀም መብቱ ነዋ። ዩኒቨርሲቲ በተለምዶ የሚገዛው ባንድዊድዝ፣ ማለትም በሰከንድ የሚያልፈውን የመረጃ መጠን ነው፤ በወር ይሄን ያህል ሜጋ፣ ይሄን ያህል ብር። ውሃ በጀሪካን እንደመግዛት በሉት። 20 ሺህ ተማሪ ያለው ግቢ 1 ጊጋ ቢት ገዛ እንበል። ሁሉም እኩል ቢከፍቱት ለአንድ ሰው 50 ኪሎ ቢት ይደርሰዋል። በስልክ መስመር እየጮኸ ይገናኝ የነበረውን ሞደም የምታስታውሱ አላችሁ? እሱ 56 ነበር።

ሌላው መንገድ፣ በሙያው ዳርክ ፋይበር የሚባለው ነው። ብርሃን ያልገባበትን ፀጉር ለ15 ወይም ለ20 ዓመት የመጠቀም መብት ትገዛላችሁ፤ ጫፍና ጫፉ ላይ የራሳችሁን መሣሪያ ታስቀምጣላችሁ። ዛሬ 10 ጊጋ፣ ነገ 100 ጊጋ ብትፈልጉ መሣሪያ ትቀይራላችሁ እንጂ ለኬብሉ አዲስ ሂሳብ አይመጣም። በአንድ ጥንድ ፀጉር ላይ 80 ዓይነት የብርሃን ቀለም መላክ ይቻላል፤ እያንዳንዱ 100 ጊጋ ቢሸከም 8 ሺህ ጊጋ ነው። ለስምንቱም ዩኒቨርሲቲ ይበቃል፤ ለሆስፒታሎቹም ይተርፋል።

ይሄን እኔ አልፈጠርኩትም። አሜሪካ ውስጥ ሚሺጋን ያሉ ሦስት ዩኒቨርሲቲዎች ሜሪት የሚባል የጋራ ኔትወርክ ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1966 ነው፤ ካኦ ስለ መስታወቱ በጻፈበት ዓመት፣ ኢንተርኔት የሚባል ነገር ሳይኖር። በ2000 የዶት ኮም ኩባንያዎች ሲወድቁ ደግሞ መሬት ውስጥ የቀበሩት ፋይበር ሥራ ፈቶ ቀረ፣ ዋጋውም ወረደ። ዩኒቨርሲቲዎቹ አጋጣሚውን ተጠቀሙበት። ኦሃዮ በ2004 ኮሌጆቿንና ዩኒቨርሲቲዎቿን የሚያገናኝ 2,600 ኪሎ ሜትር ገደማ የፋይበር መረብ ሥራ አስጀመረች። አዲስ ጉድጓድ መቆፈር ብዙም አላስፈለገም። ከወጪው ትልቁን ድርሻ የሚበላው ደግሞ ቁፋሮና የመንገድ ፈቃድ ነው፤ መስታወቱ ርካሽ ነው።

"እነሱ አሜሪካ ናቸው" ትሉኝ ይሆናል። እሺ፣ ወደ ሰፈራችን እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ተጠንተው ነበር። አማካዩ ዩኒቨርሲቲ ያለው ባንድዊድዝ አውሮፓ ውስጥ አንድ መኖሪያ ቤት ከሚያስገባው ጋር እኩል ሆኖ ተገኘ። የሚከፍለውስ? ሌላው ዓለም ያሉ መሰሎቹ ከሚከፍሉት 50 እጥፍ። መስመሩ በሳተላይት ነበራ። በ2005 ኬንያ፣ ማላዊ፣ ሞዛምቢክ፣ ርዋንዳና ደቡብ አፍሪካ ኡቡንቱኔት የተባለውን የትምህርትና ምርምር ኔትወርኮች ኅብረት መሠረቱ። በ2009 ሲኮም የተባለው የባሕር ኬብል ሞምባሳ ደረሰ፣ በ2011 የአውሮፓ ኅብረት ብዙውን ወጪ የሸፈነበት፣ እነዚህን ኔትወርኮች የሚያገናኘው አፍሪካኮኔክት የተባለ ፕሮጀክት ተጀመረ። የኛም የትምህርትና ምርምር ኔትወርክ የኡቡንቱኔት አባል ነው።

ጎረቤታሞች ቀጥታ መገናኘታቸው ለምን ይጠቅማል? ከአዲስ አበባ ናይሮቢ በሞያሌ በኩል 1,550 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብርሃን ፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ስለሚሄድ፣ ደርሶ ለመመለስ 16 ሚሊሰከንድ ይበቃዋል። ያው መልእክት በለንደን ዞሮ ከሄደ፣ መስመሩ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ቢል እንኳ ከ120 ሚሊሰከንድ በላይ ይፈጃል። ለኢሜይል ምንም አይደለም። ፊት ለፊት እየተያዩ ለሚያስተምሩ ሁለት ሐኪሞች ግን ወሬው መደራረብ ይጀምራል። ሐኪም ካነሳሁ አይቀር፦ አንድ የፓቶሎጂ ናሙና፣ ከታማሚ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ የሚታየው ማለቴ ነው፣ ስካን ሲደረግ ፋይሉ 1 ጊጋ ባይት ሊደርስ ወይም ሊያልፍ ይችላል። በ10 ሜጋ መስመር፣ ሌላ ማንም ሳይነካው፣ 13 ደቂቃ ይፈጃል። በ10 ጊጋ መስመር ከአንድ ሰከንድ በታች ነው። ጎንደር ያለ ናሙና አዲስ አበባ ላለ ስፔሻሊስት ሊታይ ነው ማለት ነው።

አሁን የሚከፋኝን ልናገር። በፊት የሠራሁበት አንድ ግቢ፣ ስሙ ይቅር፣ ለዓመታት ሲከራከር የነበረው ስለ ሜጋ ብዛት ብቻ ነው። በጀት በመጣ ቁጥር "ሜጋ ጨምሩ"። ይጨመራል። ዶርም ውስጥ ግን ለውጥ የለም፤ ምክንያቱም ከሰርቨር ክፍሉ ወደ ዶርሞቹ የሚሄደው መስመርና መስመሩን የሚያከፋፍለው መሣሪያ፣ ስዊቹ፣ አሮጌ ነው። ፋይበር እስከ በር ቢመጣ ውስጡ ካልተሠራ ያው ነው። ይሄን ደጋግሞ የተናገረ ሰው ነገረኛ ተባለ። ማን እንደሆነ ገምቱ።

ሰላም ከሌለ ኬብል ምን ያደርጋል የሚል ጥያቄም ይመጣል፤ ልክ ነው። የወልድያና የወሎ ዩኒቨርሲቲዎች በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምን እንደደረሰባቸው አይተናል። በውሳኔ የሚጠፋ ኢንተርኔትን ቀለበት አያድነውም። ናዳን፣ ዶዘርንና ሌባን ግን ይችላል፤ እኔም ቃል የምገባው ለነዚህ ብቻ ነው።

ማን ይጀምር ከተባለ፣ ከስምንቱ ሦስቱ ይበቃሉ ባይ ነኝ። ደብረ ማርቆስ፣ እንጅባራና ባሕር ዳር አንድ መስመር ላይ ናቸው። አንድ ላይ ቁጭ ብለው፣ የትምህርት ሚኒስቴርን ይዘው፣ አንድ ጥንድ ፀጉር ለ20 ዓመት ስንት ነው ብለው ይጠይቁ። ጨረታውን በጋራ ያውጡት። የጥገና ውሉ ውስጥ፣ ከተበጠሰ በስንት ሰዓት እንደሚቀጠል በቁጥር ይጻፍ። ቀለበቱ ቀስ ብሎ ይገጥማል።

አባይ በረሃን በተመለከተ አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁና ልውጣ። መስመሩ እዚያ ጋ ሲደርስ በምሶሶ ይሻገር ወይስ በድልድዩ በኩል ይቀበር? እኔ በምሶሶ ነው የምለው። እዚያ አካባቢ የሠራችሁ ካላችሁ ድምፃችሁን ቀርጻችሁ ላኩልኝ፤ በሚቀጥለው ክፍል አሰማዋለሁ። ደህና ሰንብቱ።