«ጠቅ» ብላ ዝም ያለችው መኪና

ሄኖክ፦ እንኳን ደህና መጣችሁ። የዛሬው ወሬ ስለ አሮጌ መኪና ነው። አሮጌ ስል ሽቦዋ ደርቆ የሚሰነጠቅ፣ ባለቤቷ ቁልፍ ሲያዞር ትንፋሹን የሚይዝላት ዓይነት።

ትዕግስት፦ የኔን እየገለጽካት ነው።

ሄኖክ፦ የሁለታችንንም።

ትዕግስት፦ እንግዲያው ከኔ እንጀምር። ትናንት ማታ ከኋላዬ ይነዳ የነበረ ጎረቤቴ «ፍሬን ስትረግጪ የቀኙ ፍሬቻሽ አብሮ ይበራል» አለኝ። ሄጄ አየሁት። እውነቱን ነው፤ ደብዘዝ ብሎ ይበራል። የፍሬን መብራቱ ራሱም በዚያ በኩል ፈዛዛ ነው። አምፖሎቹን ልቀይር?

ሄኖክ፦ ቆይ፣ ምንም እንዳትገዢ። መጀመሪያ የኔን ጉድ ስሚ። ከዚያ የራስሽን ራስሽ ትፈቺዋለሽ።

ትዕግስት፦ እሺ፣ በል።

ሄኖክ፦ አንድ ጠዋት ቁልፍ ሳዞር ሞተሪኖው፣ ሞተሩን የሚያስነሳው ማለቴ ነው፣ እየተጎተተ ዞረ። ባትሪው ነው አልኩ፤ ዕድሜውም ሄዷል። አዲስ ገዛሁ። ለሁለት ቀን ተሻላት።

ትዕግስት፦ አዲስ ባትሪ ምን የማያስታግሰው በሽታ አለ!

ሄኖክ፦ በሦስተኛው ቀን «ጠቅ» አለችና ዝም። ሞተሪኖው ነው አሉኝ። አስፈታሁ፣ ቀየርኩ። ሳምንት ሳይሞላ ያው «ጠቅ»።

ትዕግስት፦ መብራቱስ? ቁልፍ ስታዞር የፊት መብራቱ ምን ይሆን ነበር?

ሄኖክ፦ ይህን ያኔ የጠየቀኝ ቢኖር ሞተሪኖ ባልገዛሁ። የፊት መብራት አብርተሽ ቁልፍ ስታዞሪ መብራቱ እልም ካለ፣ ባትሪው ደክሟል፤ ወይም ባትሪው ራስ ላይ ያለው ማሰሪያ ላልቷል ወይ ዝጓል። መብራቱ ቦግ እንዳለ ከቀረ ግን ባትሪው ጉልበት አለው። ጉልበቱ ነው ሞተሪኖው ጋ ያልደረሰው። የኔ መብራት ፍንክች አላለም።

ትዕግስት፦ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ባትሪውም ማሰሪያውም ደህና ሆኖ፣ መብራቱ በጣም ከደበዘዘና ሞተሩ ጭራሽ ካልተነቃነቀ፣ ሞተሩ ራሱ ተቆልፎ ሊሆን ይችላል። እዚያ ላይ ሽቦ መነካካት ዋጋ የለውም። ቁልፉን ነቅሎ፣ የሞተሩን ፑሊ፣ ቺንጋው የሚጠመጠምበትን ጎማ መሰል ብረት፣ በመፍቻ ለማዞር መሞከር ነው።

ሄኖክ፦ ልክ ነሽ። አሁን ወደ አስቂኙ ልምጣ። በዚያው ሰሞን የነዳጅ ፔዳሉ ጠጠረብኝ። ስረግጠው ይይዛል፣ ስለቀው እየተለገመ ነው የሚመለሰው። ሌላ ብልሽት መስሎኝ ገመዱን ዘይት አጠጣሁት።

ትዕግስት፦ የነዳጅ ፔዳልና ሞተሪኖ ደግሞ ምን አገናኛቸው?

ሄኖክ፦ ማሳው ነዋ! የኤሌክትሪኩ መመለሻ። ኤሌክትሪኩ ከባትሪው ፖዘቲቭ ይወጣል፣ ሥራውን ይሠራል፣ ከዚያ ወደ ኔጌቲቩ መመለስ አለበት። መኪና ላይ የመመለሻው መንገድ የመኪናው ብረት ነው። ሞተሩ ግን ጎማ መቀመጫ ላይ ነው ያለው። በኔ መኪና ባትሪው ከቦዲው ጋር ነው የታሰረው፤ ሞተሩን ከቦዲው ጋር የሚያገናኘው ደግሞ አንድ ጠፍጣፋ የመዳብ ገመድ ነው። እሱ ሲበላሽ ኤሌክትሪኩ መመለሱን አይተውም፣ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ሞተሩንና ቦዲውን የሚያገናኝ ሌላ ምን ብረት አለ?

ትዕግስት፦ አትለኝም! የፔዳሉ ገመድ?

ሄኖክ፦ ራሱ። ሞተሪኖ የሚጠቀመው ከመቶ አምፔር በላይ ነው። ከዚያ ውስጥ ጥቂቱ እንኳ በዚያች ቀጭን ሽቦ ሲያልፍ ያግላታል። ቁልፍ ባዞርኩ ቁጥር ትግላለች፣ የውስጧ ፕላስቲክ ይቀልጣል፣ መልሶ ይይዛታል። እኔ ዘይት አጠጣለሁ።

ትዕግስት፦ (እየሳቀች) ይቅርታ። ግን የኤሌክትሪክ መለኪያ ሜትር አልነበረህም?

ሄኖክ፦ ነበረኝ እንጂ! ያታለለኝም እሱ ነው። ሞተሪኖው ላይ ለካሁ፤ 12.6 ቮልት። ሙሉ ባትሪ ማለት ነው። ስለዚህ መንገዱ ደህና ነው አልኩ።

ትዕግስት፦ ቁልፍ ሳይዞር ለክተህ።

ሄኖክ፦ አዎ። ጠባብ በር አስቢ። አንድ ሰው ሲያልፍበት ምንም ችግር የለም። አዳራሽ ሙሉ ሰው ባንዴ ሊወጣ ሲል ነው ጥበቱ የሚታወቀው። ሽቦም እንደዚያው ነው። በቁጥር እንየው። የላላ ማሰሪያ የኤሌክትሪኩን መንገድ 0.02 ኦም ብቻ ቢያጠብበት፣ ሜትር ላይ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ግን 140 አምፔር ሲያልፍበት 2.8 ቮልት እዚያው ይቀራል። ሞተሪኖው ያንን አጥቶ ነው ዙር የሚባለው።

ትዕግስት፦ ታዲያ በትክክል እንዴት ይለካል?

ሄኖክ፦ ማርሹ ኒውትራል፣ የእጅ ፍሬን የተሳበ። ሜትሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርጊ። ጥቁሩን ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ፣ ማሰሪያው ላይ ሳይሆን ራሱ እርሳሱ ላይ። ቀዩን የሞተሩ ንጹሕ ብረት ላይ። ሌላ ሰው ቁልፍ ያዙርልሽ፣ አንቺ እጅሽን ከቺንጋው አርቀሽ ቁጥሩን እዪ። እስከ 0.2 ቮልት ድረስ ጤና ነው። የኔ 2.8 አለ።

ትዕግስት፦ ሜትር የሌለውስ?

ሄኖክ፦ ባትሪ ለባትሪ የምናስነሳበት ወፍራም ገመድ አለ አይደል? አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ብረት ላይ መቆንጠጥ። ሞተሩ ተስፈንጥሮ ከተነሳ ጥፋቱ ማሳው ነው። ለፖዘቲቩ ይህን እንዳታስቡ፤ እዚያ ስህተት እሳት ነው።

ትዕግስት፦ እና የመዳብ ገመዱ ተበጥሶ ነበር?

ሄኖክ፦ ኧረ ገመዱስ ደህና ነበር። ብሎኑ በእጅ ብቻ ነበር የገባው። ሥሩ ዝገት። ሁሉ ነገር ከመጀመሩ ሁለት ሳምንት በፊት ፍሪሲዮን አሠርቼ ነበር፤ ያኔ ተፈትቶ ሲመለስ ሳይጠብቅ ቀረ። ብሎኑን አወጣሁ፣ ሥሩን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቅ ፈተግኩ፣ አጠበቅኩ። አለቀ። አሮጌው ባትሪዬም አሮጌው ሞተሪኖዬም ደህና ነበሩ።

ትዕግስት፦ ለዚህ ነው እኔ ማንም መኪናዬ ተበላሸች ሲለኝ «መጨረሻ የተነካው ምንድን ነው?» ብዬ የምጠይቀው። ሰዉ ግን ይናደዳል። «እሱ ሌላ ነው፣ ይሄ ሌላ ነው» ይላል።

ሄኖክ፦ እኔም ተናድጄ ነበር። በይ አሁን ያንቺን ተራ። ሌሊቱን ባትሪ ስለሚጨርስ መኪና ንገሪን።

ትዕግስት፦ እሱ የኔ ጠላት ነው። መጀመሪያ ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞ አረጋግጡ። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት አካባቢ ካሳየ ይሞላል ማለት ነው። እየሞላ ግን ጠዋት ባዶ ከሆነ፣ ወይ ባትሪው መያዝ አቅቶታል፣ ወይ ሌሊት የሚጠጣው ነገር አለ።

ሄኖክ፦ ሌባው እንዴት ይያዛል?

ትዕግስት፦ ሁሉን አጥፍተህ፣ ሜትሩን አምፔር ላይ አድርገህ፣ በባትሪው ኔጌቲቭና በገመዱ መሃል ታስገባዋለህ። ከዚያ መጠበቅ ነው፤ አንዳንድ መኪና ውስጧ ያለው ኤሌክትሮኒክስ እስኪተኛ ግማሽ ሰዓትም ይፈጅባታል። ከ50 ሚሊ አምፔር በታች ከሆነ ተዋት። ግማሽ አምፔር ካየህ ግን 50 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በአራት ቀን ባዶ ይሆናል። ቀድሞውኑ የደከመ ከሆነ በአንድ ሌሊትም አያስነሳም። ፊውዞቹን አንድ በአንድ ስትነቅል ቁጥሩ የሚወርድበት ላይ ሌባው አለ። እና ሜትሩ እንደዚያ እንደተያያዘ ቁልፍ እንዳታዞር! የሜትሩ ፊውዝ ይቃጠላል።

ሄኖክ፦ ስንት ፊውዝ አቃጥለሻል?

ትዕግስት፦ ሁለት። ሌባው ደግሞ ምን ሆኖ ተገኘ መሰለህ? የዕቃ መጫኛው መብራት። ክዳኑ ሲዘጋ የሚጫነው ማጥፊያ ደክሞ ነበር። ዘግተኸው መብራቱ ይጥፋ አይጥፋ አታይማ! ስልኬን ቪዲዮ ላይ አድርጌ ውስጥ ዘግቼበት ነው ያወቅኩት።

ሄኖክ፦ (እየሳቀ) ሰላይ ልከሽ። ሙቀት ላይም ቶሎ አንድ ነገር እንበል።

ትዕግስት፦ አንድ ነገር ብቻ። መኪናዋ ግላ ግላ ድንገት የሙቀት መርፌው ወደ ቀዝቃዛ ከወረደ አትደሰቱ። ውሃው አልቆ፣ ሙቀት ለኪው ባዶ ላይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ሞተር አጥፉ። የራዲያተሩን ክዳን ደግሞ እስኪቀዘቅዝ አትንኩት፤ ከ100 ዲግሪ በላይ ሆኖ በግፊት ብቻ ሳይፈላ የቆየ ውሃ፣ ክዳኑ ሲከፈት ፊት ላይ ነው የሚወጣው።

ሄኖክ፦ ጥሩ። በይ እንግዲህ፣ ያንቺ ፍሬቻ።

ትዕግስት፦ ስትናገር እያሰብኩት ነበር። የኋላው መብራት ቤት ውስጥ ያሉት አምፖሎች መመለሻቸው አንድ ነው። እሱ ከተበላሸ፣ ፍሬን ስረግጥ ኤሌክትሪኩ በፍሬን አምፖሉ ገብቶ መውጫ ያጣል። ከዚያ በጎረቤቱ ፍሬቻ በኩል ዞሮ ወደ ፊተኛው ፍሬቻ ሄዶ ይመለሳል። ስለዚህ ሁለቱም ፈዘው ይበራሉ።

ሄኖክ፦ እና አምፖል ትገዣለሽ?

ትዕግስት፦ ብርጭቆ ወረቀት አለህ?

ሄኖክ፦ መኪናው ውስጥ።

ትዕግስት፦ ተነሳ፣ ከመጨለሙ በፊት እንየው።