ወላጅ ሳይመጣ ጥያቄ አይጀመርም

የተከበራችሁ ርዕሳነ መምህራን፣ መምህራን፣ የወላጅ ኮሚቴ አባላት፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ «የትምህርት ቤትና የፖሊስ ትብብር» ይላል። ስለ ትብብሩ ጥቂት እላለሁ፤ የመጣሁት ግን ለአንድ ነገር ነው። የክፍሉ በር ይንኳኳል። «እገሌ፣ ቢሮ ትፈለጋለህ» ይባላል። ልጁ ደብተሩን ሳይከድን ይወጣል። ቢሮ ውስጥ መርማሪ ፖሊስ ተቀምጧል፤ ወላጅ የለም። ከመካከላችን ይህን ያላየ ያለ አይመስለኝም። በኋላ ለምን ተብሎ ሲጠየቅ መልሱም አንድ ነው፦ «ለጥቂት ጥያቄ ብቻ ነበር።»

ጥቂት ጥያቄ ምን እንደሚያደርግ ለማየት አንድ የታወቀ የፍርድ ጉዳይ ላንሳ። አገሩ አሜሪካ፣ ግዛቱ ኖርዝ ካሮላይና፣ ዓመቱ እ.ኤ.አ. 2005 ነው። ልጁ 13 ዓመቱ ነው፣ ሰባተኛ ክፍል። በመዝገቡ ላይ «ጄ ዲ ቢ» ተብሎ በፊደላት ብቻ ተጠርቷል። ሁለት ቤቶች ተሰርቀው ነበር፤ ከጠፉት ዕቃዎች አንዱን የሚመስል ዲጂታል ካሜራ እጁ ላይ ታይቷል ተባለ። ዩኒፎርም የለበሰ ፖሊስ ከኅብረተሰብ ትምህርት ክፍለ ጊዜ አስወጥቶ ወደ ስብሰባ ክፍል ወሰደው። በሩ ተዘጋ። ውስጥ አራት አዋቂዎች ነበሩ፦ ሁለት ፖሊሶች፣ ምክትል ርዕሰ መምህሩና በአስተዳደር ሥራ ልምምድ ላይ ያሉ አንድ ሰው። የልጁ አሳዳጊ አያቱ ናቸው። ለእሳቸው የደወለ አልነበረም።

መጀመሪያ ስለ ስፖርት፣ ስለ ቤተሰቡ አጫወቱት። ስለ ስርቆቱ ሲጠይቁት አላደረግኩም አለ። ጫን ብለው ጠየቁት። ምክትል ርዕሰ መምህሩም ጣልቃ ገብተው፣ እውነቱ መውጣቱ ስለማይቀር ደግ ደጉን እንዲያደርግ መከሩት። ልጁ ዕቃውን ቢመልስ ከጣጣው ይወጣ እንደሆነ ጠየቀ። መርማሪው መመለሱ እንደሚጠቅመው፣ ጉዳዩ ግን ፍርድ ቤት መሄዱ እንደማይቀር ነገረው፤ በማቆያ ሊያስይዘው እንደሚችልም ጨመረበት። ልጁ አመነ። ካመነ በኋላ፣ ልብ በሉልኝ፣ ካመነ በኋላ ነው መልስ ያለመስጠትና ተነስቶ የመሄድ መብት እንዳለው የተነገረው። ከዚያ ቃሉን በጽሑፍ ሰጠ። የመውጫው ደወል ሲደወል ወደ ቤት የሚወስደውን አውቶቡስ ለመያዝ ወጣ። ሁሉም ነገር ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ጉዳዩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2011 አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ፣ አንድ ልጅ «ተነስቼ መሄድ እችላለሁ» ብሎ ያስብ እንደነበር ሲመዘን ዕድሜው መታየት አለበት ተባለ። ፍርድ ቤቱ «ወላጅ ይኑር» ብሎ አላዘዘም። ለዚያች ውሳኔ ስድስት ዓመት ፈጀ። ለአያትየው መደወል ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር!

በዚህ ታሪክ እኔን የሚያንገበግቡኝ ፖሊሶቹ አይደሉም። መርማሪ ቃል ሊቀበል ነው የሚመጣው፤ ሥራው ነው። የሚያንገበግበኝ ከልጁ ወገን መቆም የነበረባቸው ብቸኛ ሰው፣ ምክትል ርዕሰ መምህሩ፣ ከጠያቂዎቹ ጋር መሰለፋቸው ነው። ያ ወንበር የወላጅ ነበር። ወላጅ የለም ማለት የልጁ ጠባቂ እኔ ነኝ ማለት እንጂ ሦስተኛው መርማሪ እኔ ነኝ ማለት አይደለም!

ትምህርት ቤት ለምርመራ የማይሆነው ለምን እንደሆነ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ልጁን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ምን አስተማርነው? ስትጠየቅ መልስ። ሳይፈቀድልህ አትውጣ። መምህር ሲገባ ተነስ። እዚህ ቅጥር ግቢ ውስጥ ዝም ማለት ጥፋት ነው፤ ያስቀጣል። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 40 ልጅ እንዲመሰክር ወይም እንዲያምን አይገደድም ይላል። ዝም ማለትን ነውር አድርገን ባሳደግንበት ክፍል ውስጥ ይህ መብት በምን ይተርፋል? «መብትህ ገባህ?» ሲባል ልጁ «አዎ» ይላል፤ «አልገባኝም» ማለት ያሳፍረዋልና። የገባው መሆኑ የሚታወቀው በራሱ አነጋገር መልሶ ሲያስረዳ ብቻ ነው።

የአጠያየቁም ነገር አለ። አንድን ጥያቄ ሦስት ጊዜ የተጠየቀ ልጅ የፊተኛው መልሴ ስህተት ነው ብሎ ይረዳል፤ በክፍል ውስጥ የለመደው ይህን ነዋ። ስለዚህ መልሱን ይለውጣል። «ቀዩን ቦርሳ አንተ ነህ የወሰድከው?» ሲባል ቦርሳው ቀይ መሆኑን ከጠያቂው ይማራል፤ ወረቀቱ ላይ ግን ራሱ የተናገረው ሆኖ ይሰፍራል። ደግሞ «ከነገርከን ወደ ክፍልህ ትመለሳለህ» ማለት ለ13 ዓመት ልጅ ትልቅ ጉቦ ነው።

እንግዲህ ሥራው ይኸው። ፖሊስ ሲመጣ ልጁ ክፍሉ ውስጥ ይቆይ፤ ማንም ሄዶ አይጥራው። የመጣውን ሰው ስም፣ የመለያ ቁጥር፣ የመሥሪያ ቤት ክፍልና የደረሰበትን ሰዓት መዝገብ ላይ ጻፉ። ቀጥሎ አንድ ጥያቄ፦ ልጁ የሚፈለገው በተጠርጣሪነት፣ በምስክርነት ነው ወይስ በተበዳይነት? የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ካለ አንብቡት፣ ቅጂ አስቀሩ። ከሌለ «ወላጅ እየጠራን ነው፣ እዚህ ይቆዩ» በሉ፤ ይህ ትብብር መንፈግ አይደለም። ደውሉ። የመጀመሪያው ቁጥር ካልተነሳ ሁለተኛው ላይ፤ የእያንዳንዱን ሰዓት መዝግቡ። ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ በመዝገብ ያለው ስልክ ልጁ ሲመዘገብ የተሞላው፣ ከተቀየረ የቆየ ቁጥር ይሆናል።

ፖሊሱ አልጠብቅም ካለ አትታገሉት፣ በር ላይም አትቁሙበት። የሆነውን ጻፉ። ለልጁም በግልጽ ንገሩት፦ «ለቤትህ ደውለናል፤ እስኪመጡ መልስ እንድትሰጥ አትገደድም።» እናንተም በፖሊስ ምትክ አትጠይቁት። ለመምህሩ በጆሮው የነገረው ነገር ነገ መዝገብ ውስጥ ሊገኝ ይችላል።

የእንግሊዝ ፖሊስ የሚመራበት ደንብ፣ ኮድ ሲ የሚባለው፣ ልጅ በትምህርት ቤት የሚጠየቀው በልዩ ሁኔታ ብቻና ርዕሰ መምህሩ ሲስማማ ነው ይላል። ወላጅን መጠበቅ ከልክ በላይ ካዘገየ ርዕሰ መምህሩ በወላጅ ቦታ ሊቀመጥ ይችላል፤ ተበዳዩ ራሱ ትምህርት ቤቱ ከሆነ ግን አይችልም። የጠፋው ኮምፒውተር የእናንተ ከሆነ እናንተ ከሳሽ ናችሁ። ከሳሽ ደግሞ ሞግዚት አይሆንም!

ሁለት ሁኔታዎች ይለያሉ። በዚያች ደቂቃ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ የት እንዳለ፣ ማን እንደተጎዳ ብቻ ይጠየቅና እዚያው ይቁም። በልጁ ላይ ጥቃት አድርሷል የተባለው ወላጁ ራሱ ከሆነ ደግሞ ለእሱ አይደወልም፤ ከጉዳዩ ነጻ የሆነ ሌላ ዘመድ ወይም የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ ይጠራ።

ወላጆች፣ ለእናንተም አንድ ቃል። መጥታችሁ «ንገራቸውና እንሂድ» የምትሉ ከሆነ መምጣታችሁ አይጠቅመውም። እ.ኤ.አ. በ1989 በኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ በሚባለው መናፈሻ አንዲት ሯጭ ሴት ተደፍራ በተገኘችበት ጉዳይ ከታሰሩት ልጆች አንዳንዶቹ ሲጠየቁ ወላጅ አጠገባቸው ነበር፤ ሆኖም ያልፈጸሙትን አመኑ። ፍርዱ የተሻረው በ2002 ነው። ቀድማችሁ ከልጃችሁ ጋር ለብቻችሁ ተነጋገሩ፣ ጠበቃ ጠይቁ፣ ያላነበባችሁትን ወረቀት አትፈርሙ።

የፖሊስ መምጣት የሚመዘገብበት ቅጽ አንድ ገጽ ነው፤ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ርዕሳነ መምህራን አንዱን ለጥበቃ፣ አንዱን ለጸሐፊያችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ወላጆች ከመውጣታችሁ በፊት ሁለት የሚሠሩ ስልክ ቁጥሮች አስሞሉ። አመሰግናለሁ።