ዕጣ ያልወጣለት ወረዳ

ሰላም ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። የምቀዳው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሆኜ ነው፤ ብሎኬት የሚያወርድ መኪና ከረበሻችሁ ይቅርታ።

እንጀራዬ መጠይቅ ይዞ ቤት ለቤት መዞር ነው። ፕሮጀክት ሲያልቅ «ለውጥ አምጥቷል ወይ?» ተብለን የምንላከው እኛ ነን። ሥልጠና ላይ ነገሩ ቀላል ነው፦ ድጋፍ ያገኘውንና ያላገኘውን ሰፈር ማወዳደር። በዕጣ ከተለዩማ ውጤቱ የበለጠ ይታመናል። ባነርጂ፣ ዱፍሎና ክሬመር በፈረንጆቹ 2019 የኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለሙት በዚሁ ዘዴ ድህነትን በማጥናታቸው ነው።

ቤት ስትገቡ ግን ሌላ ነው። ገና ሳልቀመጥ «ልጄ፣ ልትመዘግቢኝ ነው?» ይሉኛል። «አይ እማማ፣ ለጥናት ነው።» «እሺ እሺ» ይሉና በዳንቴል የተሸፈነው ቴሌቪዥን ላይ ነጠላ ይደርቡበታል። «ቴሌቪዥን አለዎት?» የሚለው ጥያቄ ሲደርስ ሁለታችንም ወደዚያ አናይም። ታብሌቱ የሚያውቀው «አለ» እና «የለም» ብቻ ነው።

ይሄስ ይሁን። የሚከብደው ድጋፍ ያላገኘው ሰፈር ነው። የከተማ ሴፍቲኔትን ታስታውሳላችሁ፤ የዓለም ባንክ 300 ሚሊዮን ዶላር፣ መንግሥት 150 ሚሊዮን የመደቡለት። እየተከፈላቸው መንገድ የሚጠርጉት፣ ችግኝ የሚተክሉት እናቶች። አዲስ አበባ ውስጥ ቀድሞ የሚጀምረው ወረዳ በዕጣ ነበር የተለየው። ለአጥኚ ከዚህ በላይ ምን አለ!

ግን ጉልበት የወረዳ ድንበር አያውቅም። እዚህ ያደረችው በማለዳ ታክሲ ተሳፍራ ሌላ ወረዳ ባሬላ ትሸከማለች። ሴፍቲኔት ስትገባ ከግንባታው ትቀራለች፣ አሠሪው ሰው ያጥረዋል፣ የቀን ሂሳብ ይጨምራል። ከዚህ ጭማሪ ዕጣ ያልወጣለት ወረዳ ሰውም ይቀምሳል። ታዲያ ሁለቱን አወዳድሮ «እምብዛም ልዩነት የለም» ማለት ፕሮጀክቱን መበደል አይደለም? ደግነቱ የዚህኛው አጥኚዎች ሰዉ የት አድሮ የት እንደሚሠራ ጭምር አስልተዋል። ፕሮግራሙ ለሁሉም ወረዳ ሲዳረስ የግል አሠሪዎች ክፍያ በ19 በመቶ ገደማ እንደሚያድግ አገኙ። የዚህ የክፍያ ጭማሪና የሰፈር መጽዳቱ ጥቅም ሲደመር ድሃው የሚያገኘው፣ ያለ እነሱ ከተሰላው ስድስት እጥፍ ሆነ።

እኛ የምንላክባቸው አብዛኞቹ ጥናቶች ለዚህ ጊዜም በጀትም የላቸውም። ለሪፖርቱ ሽፋን ፎቶ ግን በጀት አይጠፋም፣ ይሄን ሳልናገር አላልፍም። ለሚቀጥለው መጠይቅ ሁለት ጥያቄ እንዲጨመር አስተባባሪዬን ጠይቄያለሁ፦ የሚሠሩት የትኛው ወረዳ ነው? የቀን ሂሳቡስ ስንት ገባ? «እናያለን» ብሎኛል። የደረሰበትን በሚቀጥለው ክፍል እነግራችኋለሁ።