«ስንት ሄዱ?» ከማለታችን በፊት

የተከበራችሁ የማህበራችን አባላት፣ ክቡራን እንግዶች፣ እናቶችና አባቶች፣ እንኳን ለዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤያችን በሰላም መጣችሁ። ከቃሊቲ ወዲህ መንገድ ተዘግቶባችሁ የዘገያችሁም ግቡ፤ ከኋላ ወንበር አለ።

ዘንድሮ ከብዙ ወላጆች የሰማሁት እሮሮ አንድ ነው፦ «የሰው ልጅ ሁሉ ውጭ ሲማር የእኛዎቹ ለምን እዚሁ ሰፈራችን ቱሉ ዲምቱ ቀሩ?» ቁጭቱ ይገባኛል። «የሰው ልጅ ሁሉ» የሚለው ግን ልክ አይደለም።

ከአገሩ ውጭ የሚማር የከፍተኛ ትምህርት ተማሪ በዓለም ዙሪያ ወደ 7 ሚሊዮን ይጠጋል። ከእነዚህ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡት ቻይናውያን ናቸው። ይህን የሰማ ሰው ቻይና ልጆቿን ጠራርጋ የላከች ይመስለዋል። አገር ውስጥ ካላት ተማሪ ጋር ሲተያይ ግን ከመቶ ሁለት ያህል ነው። የዓለም አማካይም ከመቶ ሦስት አይሞላም። ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ ደግሞ ከመቶ አራት አምስት ይልካል። እንግዲህ ጉዳዩ የሀብት ቢሆን ኖሮ አፍሪካ ከዓለም አማካይ የምትበልጠው በምን ተአምር ነው? በየአገሩ ቦታው ጠቦ ወይም የሚፈለገው ትምህርት ታጥቶ፣ አቅም ያለው ቤተሰብ ልጁን ያሻግራል። ሉክሰምበርግ እንኳ ከነሀብቷ ዩኒቨርሲቲ ያቋቋመችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ዛሬም ውጭ የሚማሩት ልጆቿ አገር ቤት ካሉት ይበልጣሉ።

አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ2022/23 ከ280 ሺህ በላይ ተማሪዎች ውጭ ልከዋል። አብዛኞቹ የሄዱት ለአንድ ክረምት ወይም ከስምንት ሳምንት ላልበለጠ ጊዜ ነው። ሽርሽር ነው አልልም፤ ያመጡት ውጤት በአገራቸው ዩኒቨርሲቲ ይያዝላቸዋል። ዲግሪውን ሊጨርስ አራት ዓመት በሰው አገር ከሚከርም ናይጄሪያዊ ጋር አንድ አድርጎ መቁጠር ግን አይዋጥልኝም።

እኛ ኢትዮጵያውያንስ? ውጭ የምንልከው ከመቶ አንድ አካባቢ ነው። በደርግ ማብቂያ ሁለት ብቻ የነበሩት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ዛሬ ከ40 በላይ ሆነዋል፤ ወጪ መጋራቱም ክፍያውን ከምረቃ በኋላ አድርጎታል። ስለዚህ ለብዙው ልጅ መንገዱ እዚሁ ነበር። የተጨነቅነው የ12ኛ ክፍል ፈተና ጥብቅ ሲሆን ነው። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። «ልጃችሁን ውጭ እልካለሁ» የሚል ደላላ በየደጃችን የበዛውም ከዚያ ወዲህ ነው።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናታችን «ልጄ ተቀባይነት አገኘ» ብለው ደብዳቤ ይዘውልኝ መጡ። ማኅተሙ ያምራል፣ ስሙም በደማቅ ተጽፏል። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ግን የተፈቀደለት የአንድ ዓመት የቋንቋ ዝግጅት እንደሆነ፣ ዲግሪውን እንደማያካትት ሰፍሯል። ለደላላው ቀብድ ተከፍሎ አልቋል፤ አይመለስም።

ስለዚህ ሥራ አስፈጻሚው ለዛሬ ያቀረበው ሐሳብ ሁለት ክፍል አለው። ከመዋጮው ትልቁ እጅ ለ12ኛ ክፍል ልጆች የማታ ማጠናከሪያ ትምህርት ይዋል። ቀሪው ለዲግሪ ትምህርት በእርግጥ ለተቀበሏቸው ልጆች ብቻ፣ ለቋንቋ ፈተናና ለሰነድ ማረጋገጫ ክፍያ በብድር ይሰጥ። ለደላላ ከማህበሩ ካዝና አንድ ብር አይወጣም። በዚህ የማይስማማ ካለ ከሻይ በኋላ ይናገር፤ ቅሬታው በቃለ ጉባኤ ይያዝለታል።

አሁን ገንዘብ ያዣችን የዓመቱን ሒሳብ ያቀርቡልናል። እትዬ፣ መድረኩ የእርስዎ ነው።