የካንሰር ሞለኪውላር ምርምር በደሴ፦ ከፎርማሊን እስከ ፒሲአር

[ምስል፦ ከጦሳ ተራራ ሥር የተዘረጋችው ደሴ፤ ቀጥሎ የፓቶሎጂ ክፍል ጠረጴዛ]

ደሴ ሆኖ የካንሰርን ሞለኪውላር ባዮሎጂ ማጥናት የሚያስብ ባለሙያ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዲኤንኤን ስለሚያባዛው የፒሲአር ማሽን ነው። የጥናቱ ዕጣ ግን ማሽኑ ጋ ሳይደረስ፣ ገና ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ይወሰናል። እዚያ የተበላሸ ናሙና ላቦራቶሪ ገብቶ አይድንም።

ከምን ይጀመር? ከፓራፊን ብሎክ እንላለን፤ በፎርማሊን ከተነከረ በኋላ በሰም (ፓራፊን) ውስጥ የታቀፈ የሥጋ ናሙና ማለት ነው። ሕያው የካንሰር ሕዋስ ለማሳደግ ቀን ከሌት 37 ዲግሪና 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚጠብቅ ኢንኩቤተር ያስፈልጋል፤ ሕዋሱን ለማቆየት ደግሞ ፈሳሽ ናይትሮጅን። መብራት ጠፍቶ ካደረ የወራት ድካም ገደል ይገባል። ብሎክ ግን በክፍል ሙቀት ለዓመታት ይቀመጣል። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ከተገኘና ፓቶሎጂስቱ የጥናቱ አካል ከሆነ፣ ለአንድ ተመራማሪ የመጀመሪያ ዓመታት በቂ ሥራ አለው። ጥያቄውም ሩቅ አይደለም፦ በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ በብዛት የሚታየው የጡት ካንሰር ነው፤ የማሕፀን በር ካንሰር ይከተለዋል።

[ምስል፦ አፈ ሰፊ ዕቃ፣ በውስጡ የተከፈለ ናሙና]

ናሙናው ከታካሚዋ እንደወጣ እንዳይበሰብስ የሚነከረው ፎርማሊን ውስጥ ነው። ለአንድ ሊትር፦ ከፋብሪካ እንደመጣ ከ37 እስከ 40 በመቶ የሆነ ፎርማልዲሃይድ 100 ሚሊ ሊትር፣ የተጣራ ውሃ 900 ሚሊ ሊትር፣ ሶዲየም ፎስፌት ሞኖቤዚክ 4 ግራም፣ ዳይቤዚክ 6.5 ግራም። ሁለቱ ጨዎች ፒኤቹን (የአሲድነት ልኬቱን) 7 አካባቢ ይይዙታል። ለቁጠባ ተብሎ ከተተዉ ፎርማልዲሃይዱ ቀስ በቀስ ፎርሚክ አሲድ ይሆናል፤ አሲዱ ደግሞ ዲኤንኤውን ይበጣጥሰዋል።

ፎርማሊኑ ከናሙናው ቢያንስ 10 እጥፍ ይሁን። በሰዓት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚዘልቅ፣ ሳይከፈል የተነከረ ጡት ላይ ላዩ ሲደርቅ መሃሉ ይበሰብሳል። ስለዚህ በወጣ በ1 ሰዓት ውስጥ፣ በ5 ሚሊ ሜትር ውፍረት እየተከፈለ ይነከር። ቆይታው ከ6 ሰዓት አይነስ፣ ከ72 ሰዓት አይብለጥ። ዓርብ ከሰዓት የገባ ናሙና ሰኞ ጠዋት ቢወጣ ለጥቂት ያመልጣል፤ ሰኞ በዓል ከዋለ ግን ገደቡን አለፈ ማለት ነው። የተነከረበትን ሰዓት በእርሳስ ጻፉ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮልና ፓራፊን በሚያሟሟው ፈሳሽ በዛይሊን ይለቃል።

[ምስል፦ የሚፈላ ውሃ ውስጥ የተነከረ ቴርሞሜትር]

አሁን ወደ ከፍታው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው፤ ኮምቦልቻ 94 ገደማ። የጡት ካንሰር ናሙና ላይ ሕክምናውን የሚወስኑትን ፕሮቲኖች፣ የኢስትሮጅን ተቀባይን ወይም ሄር 2ን፣ ለማቅለም ስላይዱ (ቁራጩ የተለጠፈበት መስታወት) ሲትሬት ባፈር በተባለ ፈሳሽ ውስጥ ከ95 እስከ 100 ዲግሪ መሞቅ አለበት። ክፍት ድስት ደሴ ላይ እዚያ አይደርስም፤ የቱንም ያህል ቢንተከተክ። ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ተቀባዩ ያለባት ሴት «የላትም» ተብላ በዚህ ተቀባይ ላይ የሚሠራው መድኃኒት ታሞክሲፌን ሊቀርባት ይችላል። መፍትሔው በግፊት የሚያበስል ድስት ነው፤ ከ100 በላይ ያወጣል።

ፒሲአርም ከዚህ አያመልጥም። ማሽኑ ዲኤንኤውን የሚያላቅቀው በ95 ዲግሪ ነው። የቱቦው ክዳን በደንብ ካልተጫነ 25 ማይክሮ ሊትሩ ይፈላና ይተናል፤ የቀረው ጨው ይበዛበታል፣ ውጤቱም ይጠፋል።

[ምስል፦ ማይክሮቶም (ስስ አድርጎ የሚቆርጥ መሣሪያ) ላይ የሚቆረጥ ብሎክ]

ዲኤንኤ ለማውጣት 10 ማይክሮን ውፍረት ያላቸው ከ3 እስከ 5 ቁራጮች ይበቃሉ። ከአንዱ ብሎክ ወደ ሌላው ሲታለፍ ምላጩ ይቀየር፤ በየመሃሉም ሥጋ የሌለበት ባዶ ፓራፊን ተቆርጦ አብሮ ይመርመር። የሚፈለገው ለምሳሌ የማሕፀን በር ካንሰር አምጪው ቫይረስ ከሆነና ባዶው ላይ ከታየ ከአንዷ ታካሚ ናሙና ወደ ሌላዋ ተሻግሯል። ከዚያ ፓራፊኑ በዛይሊን ይወጣል፣ ዛይሊኑ በኢታኖል ይታጠባል፣ ፕሮቲን የሚፈጨው ኢንዛይም ፕሮቲኔዝ ኬ ተጨምሮ በ56 ዲግሪ ያድራል። በመጨረሻ በ90 ዲግሪ 1 ሰዓት። ይህን ሰዓት አታሳጥሩ፤ ፎርማሊን ያሰረውን የሚፈታው እሱ ነው።

የማሕፀን በር ካንሰርን እንውሰድ። ሃራልድ ሱር ሃውዘን በ2008 የኖቤል ሽልማት ያገኘው በሽታው ከሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ እንደሚመጣ በማሳየቱ ነው፤ 70 በመቶ ለሚሆነው መነሻዎቹ 16 እና 18 የተባሉት ዓይነቶች ናቸው። ቫይረሱን ለመፈለግ ኤምዋይ 09/11 የተባሉት ፕራይመሮች (ማባዛቱ የሚነሳባቸው አጫጭር የዲኤንኤ ክሮች) 450 ቤዝ (የዲኤንኤ ፊደል) ገደማ ያህል ቁራጭ ያባዛሉ፤ ጂፒ 5+/6+ ግን 150 ገደማ። ፎርማሊን የቆረጣጠመው ዲኤንኤ ውስጥ 450 ቤዝ ሳይበጠስ የሚገኘው አልፎ አልፎ ስለሆነ፣ ለብሎክ ምርጫው ሁለተኛው ነው።

ቫይረሱ ሳይታይ ሲቀር ወዲያው «ነጻ ናት» አይባልም። በዚያው ናሙና ላይ ከሰው በተወሰደ ናሙና ሁሉ ሊገኝ የሚገባው ቤታ ግሎቢን ጂን፣ ርዝመቱ ከቫይረሱ ቁራጭ የማያንስ፣ አብሮ ይባዛ። ግሎቢን ወጥቶ ቫይረሱ ካልወጣ ውጤቱ ይመዘገባል። ግሎቢኑም ካልወጣ ዲኤንኤው ተበጣጥሷል፤ ከብሎኩ አዲስ ቁራጭ ተወስዶ ይደገም፣ ዳግም እምቢ ካለ ናሙናው ከስሌቱ ይውጣ። «ቫይረስ የሌለባቸው» ተራ ውስጥ መቆጠር የለበትም።