ለጥምቀት ብቻ የተቀመጠ ቀሚስም ይበጣጠሳል

እናቶቻችንና አባቶቻችን፣ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። በነሐሴ ዝናብ ጭቃ ረግጣችሁ፣ አንድ አንድ ልብስ በፌስታል ይዛችሁ መምጣታችሁን አይተናል። የፌስታሉን ነገር ኋላ እንደርስበታለን። መጀመሪያ ቤት ስለቀረው ቁም ሳጥን እንነጋገር።

ቁም ሳጥኑ በሩ አልዘጋ እስኪል ሞልቷል። ሰኞ ጠዋት ሲከፈት ግን "የምለብሰው የለኝም" ይባላል። ይህ ቅብጠት አይደለም፣ እውነት ነው። ከተሰቀለው ውስጥ አንዱ ወገቡ ጠቧል፣ አንዱ ቁልፉ ወድቋል፣ አንዱ አብሮት የሚሄድ ሱሪ የለውም። የቀረው ደግሞ የክት ነው፣ አይነካም።

ዛሬ የመጣነው በዚህ በክት ጉዳይ ልንሟገታችሁ ነው። "ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ" ያሉት ሰዎች ልብስን ለቀኑ አውጡት ማለታቸው ነበር። እኛ ግን ተረቱን ገልብጠን ያዝነውና ቀሚሱን ከጥምቀት በቀር ፀሐይ እንዳያይ አደረግነው። መርፌና መቀስ ይዞ ለሚውል ሰው ነገሩ ግልጽ ነው፤ ለጥምቀት ብቻ የተቀመጠ ቀሚስም ይበጣጠሳል።

እንዴት ብትሉ ከጫማ እንጀምር። ቀላልና ለስላሳ ሶል ያላቸው ብዙ ጫማዎች ሶላቸው የተሠራው ፖሊዩሬታን ከሚባል ነገር ነው። ይህ ነገር የአየሩን እርጥበት እየሳበ ውስጥ ውስጡን ይፈርሳል። በካርቶኑ ውስጥ ዓመታት የቆየ የክት ጫማ ላዩ እንደ አዲስ እያብረቀረቀ ሶሉ በሰርጉ ቀን እንደ ደረቀ ዳቦ የሚፈረፈረው ለዚህ ነው። የሰው ሠራሽ ሌዘር ጃኬትም በዚሁ በሽታ ይላጣል፣ መጀመሪያ ኮሌታው ጋ፣ ቀጥሎ ክርኑ ጋ። ላስቲክ ይደርቃል። ሱፍና ሹራብን ብል ይበላል፤ ብል ደግሞ አብልጦ የሚወደው ላብና ወጥ የነካውን ነው፣ "አንድ ቀን ብቻ ነው የለበስኩት" ተብሎ ሳይታጠብ የተሰቀለውን። መልበስ ይህን ሁሉ አያስቀርም። ቢሆንም ሳይለበስ ከሚያልቅ ተለብሶ ያለቀ ይሻላል።

ስለዚህ ከእንቁጣጣሽ በፊት ፀሐይ ብልጭ ያለች ቀን ጠብቁና ሁሉንም አልጋ ላይ አውጡት። ሁሉንም ነው የምንለው፣ ከአልጋ ሥር ያለውን ሻንጣ ጭምር። በዓይን አትምረጡ፣ እየለበሳችሁ ምረጡ፤ ዓይን ያለፈውን ወገባችሁን ነው የሚያስታውሰው። የሚለበሰውን ለብቻ፣ ጥገና የሚፈልገውን ለብቻ፣ የሚሰጠውን ለብቻ አድርጉ። ከጨረሳችሁ በኋላ መስቀያዎቹን በሙሉ መንጠቆአቸው ወደ እናንተ እንዲዞር አድርጋችሁ ስቀሉ። ከመስከረም 1 ጀምሮ ለብሳችሁ የመለሳችሁትን ብቻ መንጠቆውን ወደ ግድግዳው አዙሩት። በሚቀጥለው ጳጉሜን ሳይዞር የቀረው ራሱ ይናገራል። ክረምቱም በጋውም አልፎበታልና "ወቅቱ አልደረሰም" የሚል ሰበብ የለውም።

የሚሰጠውንም ዝም ብላችሁ ለልዋጭ አታስረክቡት። አንድ ሙሉ ኮት በአንድ የፕላስቲክ ሳፋ ሲለወጥ ማየት እኛን ያመናል። ቢያንስ ቁልፎቹንና ዚፑን ፍቱበት፤ የሸሚዝ ቁልፍ ሲጠፋ አምሳያው ገበያ ላይ በቀላሉ አይገኝም።

አሁን ትንሽ ሒሳብ። ሦስት ሱሪ፣ አምስት ሸሚዝና ሁለት ኮት ያለው ሰው፣ ሁሉም ከሁሉም ጋር የሚሄዱ ከሆነ ሠላሳ ዓይነት አለባበስ አለው። ከኮቶቹ አንዱ ከአንድ ሱሪ ጋር ብቻ የሚሄድ ከሆነ ግን ሠላሳው ወደ ሃያ ይወርዳል። አንድ አስቸጋሪ ኮት አሥር ልብስ በላ ማለት ነው። ሱቅ ውስጥ ስትቆሙ መጠየቅ ያለባችሁ "ያምራል ወይ?" ብቻ አይደለም፤ "ቤቴ ካለው ከየትኞቹ ሦስት ጋር ይሄዳል?" ብላችሁ ሦስቱን በስም ጥሩ። ካልመጡላችሁ መልሳችሁ ስቀሉት። ጥርጣሬ ካለ ከጫማ ተነሱ፤ ጥቁር ጫማ ያለው ሰው ግራጫና ጥቁር ሰማያዊ ሱሪ አያሳፍረውም፣ ቡናማ ጫማ ያለው ደግሞ ካኪና ጥቁር ሰማያዊ። ብዙ ቤት የሚጎድለው ከላይ የሚለበሰው ሳይሆን ሱሪና ጉርድ ነው፤ የምንገዛው ግን ሁልጊዜ ሸሚዝ ነው።

ወደ ሙያችን እንምጣ፤ ምን ይጠገናል፣ ምን አይጠገንም?

ኮት ስትመርጡ ትከሻውን ብቻ እዩ። ስፌቱ የትከሻ አጥንታችሁ የሚያልቅበት ላይ ማረፍ አለበት። ከዚያ ካለፈ ልብስ ሰፊው እጅጌውን ነቅሎ፣ ስፖንጁን አውጥቶ፣ ገበሩን ፈትቶ ነው የሚገባበት፤ ዋጋው ኮቱን ያህላል፣ ውጤቱም አያስተማምንም። ወገቡ ቢሰፋ ግድ የለም፣ ከጀርባ ስፌቱ ይጠባል። የእጅጌው ቁልፎች የእውነት የሚከፈቱ ከሆኑ ግን ከታች ማሳጠር አይቻልም፣ የቁልፍ ቀዳዳው ጫፍ ላይ ይቀራል። የኮት ቁመት ደግሞ ባይነካ ይሻላል፤ ከታች ሲቆረጥ ኪሱ ወደ ጠርዙ ተጠግቶ ኮቱ የተበደረ ይመስላል።

የሱሪ ወገብ ሦስት አራት ሳንቲሜትር በደህና ይጠባል። ከዚያ በላይ ከሄደ የኋላ ኪሶቹ እየተቀራረቡ መጥተው ሊሳሳሙ ይደርሳሉ። ለማስፋት ከሆነ ሱሪውን ገልብጡና የኋላውን መሀል ስፌት ተመልከቱ፤ ከስፌቱ ውጭ የተረፈ ጨርቅ ካለ ይለቀቃል፣ ከሌለ የለም። ጂንስ ብዙውን ጊዜ የለውም። ሸሚዝ ከጎን ይጠባል፣ ወይም ከጀርባው ሁለት ፔንስ፣ ማለትም ልኩን የሚያጠብ ቀጭን የተሰፋ እጥፋት፣ ይያዝለታል። ኮሌታው አንገት ላይ ከተፋተገና ጨርቁ ገና ጤነኛ ከሆነ አትጣሉት፤ ኮሌታው ተፈትቶ፣ ተገልብጦ፣ እንደገና ይሰፋል። የተፋተገው ወገን ከታች ይውላል። የዱሮ ልብስ ሰፊዎች ሁሉ የሚያውቁት ሥራ ነበር፤ አሁን የሚጠይቀን ስለጠፋ እጃችንም እየረሳው ነው።

ስለ ማሳጠር ሁለት ነገር ያዙልን። አንደኛ፣ አዲስ የጥጥ ሱሪ ሳይታጠብ አታስቆርጡ። አንድ ሁለቴ ሲታጠብ ይሰበሰባል፣ በልክ የተቆረጠው ከቁርጭምጭሚት በላይ ይቀራል፣ ከዚያ ተመልሶ እኛ ላይ ቁጣ ይመጣል። ሁለተኛ፣ የሚለካው በምትለብሱበት ጫማ ነው። በነጠላ ጫማ የተለካ ሱሪ በባለ ተረከዝ ጫማ ያጥራል። የልጆች ዩኒፎርም ከሆነ እስከ ስድስት ሳንቲሜትር ወደ ውስጥ ይታጠፍ እንጂ አይቆረጥ፤ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይለቀቃል። እጥፋቱ ሲፈታ የሚቀረውን መስመር ኮምጣጤ ባለበት ውኃ የረጠበ ጨርቅ አድርጋችሁ ተኩሱት።

የሐበሻ ቀሚስ ላይ ቆየት እንበል፣ ትልቁ ክት እሱ ነውና።

በእጅ የተሸመነ ጥጥ ሁለት ጠላት አለው፤ መስቀያና ፌስታል። ድሩና ማጉ እንደ ፋብሪካ ጨርቅ ጠብቀው ስላልተመቱ፣ ተሰቅሎ ሲቆይ በራሱ ክብደት ይለጠጣል፣ ትከሻው ላይም ቀንድ ያበቅላል። ፌስታል ደግሞ እርጥበቱን አምቆ ነጩን ቢጫ ያደርገዋል። በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አጣጥፋችሁ አስቀምጡት፤ በየሦስት ወሩም አውጥታችሁ በሌላ መስመር እጠፉት፣ አንድ ቦታ ሲታጠፍ የኖረ ክር እዚያው ይበጠሳልና። ከማጠባችሁ በፊት ጥለቱን ፈትኑት፤ ነጭ ጨርቅ አርጥባችሁ ከውስጥ በኩል ጥለቱ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ተጫኑ። ቀለም ከሰጠ ውኃ አታስነኩት፣ ላውንደሪ ይሂድ። ካልሰጠ ለብ እንኳ ባላለ ውኃ፣ ለስላሳ ሳሙና በጥብጣችሁ፣ ሳትዘፈዝፉና ሳትጠመዝዙ እጠቡት። በረኪና በፍጹም። ሲደርቅ ጥላ ውስጥ፣ በጠፍጣፋ ነገር ላይ ተዘርግቶ ይሁን። ወርቀ ዘቦ ያለበትን ከውስጥ በኩል፣ በላዩ ጨርቅ አንጥፋችሁ ተኩሱት፤ የጋለ ካውያ በቀጥታ ከነካው ክሩ ይኮማተራል።

ወጥ ቢፈስበትስ? ዶሮ ወጥ ዘይትና ቅቤ ነው፣ ውኃ ሲነካው ይሰፋል። መጀመሪያ ነጭ ዱቄት ነስንሱበት፣ ዘይቱን ይምጠጥ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ አራግፉት። ከዚያ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና በጣት ጠብ አድርጋችሁ ከዳር ወደ መሀል በቀስታ ነካ ነካ አድርጉት። አልጫ ከሆነ አንድ አስደንጋጭ ነገር ታያላችሁ፤ ቢጫው እድፍ ሳሙና ሲነካው ወደ ቀይ ይለወጣል። እርዱ ነው፣ ሳሙና ሲያገኝ ጠባዩ ነው። አጥባችሁ ጥለቱን በጨርቅ ሸፍኑና ነጩን ቦታ ብቻ ፀሐይ አሳዩት፤ የእርድ ቀለም ፀሐይ አይችልም።

ያረጀ ወይም የጠበበ ቀሚስ ምን ይሁን? ቁመቱን ከጉልበት በላይ አስቆርጣችሁ በጂንስ ወይም በጥቁር ሱሪ ላይ ልበሱት፣ ለቢሮ አርብ አርብ የሚያምር ነው። ከታች የተረፈው ጥለት ለሸሚዝ ኮሌታ ወይም ለቦርሳ ይሆናል። ነገር ግን ፈትል ሲቆረጥ ወዲያው ይተረተራልና መቀሱ ከመንካቱ በፊት የሚቆረጥበት መስመር ግራና ቀኝ በማሽን ይሰፋ፣ ከዚያ ጠርዙ እንዳይተረተር በሚጠቀልለው ማሽን፣ በኦቨርሎክ፣ ይመታ። ይህን የማያደርግ ልብስ ሰፊ ካጋጠማችሁ ጨርቁን ተቀብላችሁ ውጡ።

በቅንፍ የምንላት አንዲት ነገር አለች። ነጠላን ለቢሮና ለመንገድ እንደ ሻርፕ የምትጠቀሙ ልጆች፣ ጥሩ አድርጋችኋል፤ ብቻ ጥለቱ ወደ አንገት ወጥቶ ፊት አጠገብ ሲሆን የሐዘን አለባበስ መሆኑን የሚያዩአችሁ ትልልቅ ሰዎች ያውቃሉ። "ማን ሞተ?" ተብላችሁ እንዳትጠየቁ።

ከቀሚስ ቀጥሎ ራስ የሚያዞረው የሰርግ ተመሳሳይ ልብስ ነው። ለአንድ ቀን ተሰፍቶ፣ በዚያው ቀን ያልቃል። እምቢ ማለት ከባድ መሆኑን እናውቃለን፣ ስለዚህ እምቢ በሉ አንልም። በስፌቱ ቀን ግን ድምፃችሁን አሰሙ። ሙሉ ቀሚስ ከሚሆን ላዩና ጉርዱ ተለያይቶ ይሰፋ፤ ጉርዱ በኋላ ከነጭ ሸሚዝ ጋር ዓመታት ይለበሳል። በጎን ስፌቶቹ ውስጥ ሦስት ሦስት ሳንቲሜትር ጨርቅ ይተው። ጌጡ በማጣበቂያ ሳይሆን በክር ይያዝ፤ በክር የተያዘ ጌጥ ይፈታል፣ የተጣበቀ ግን ሲነሳ ጨርቁን ይዞ ይሄዳል። የሙሽሮቹን ስም ልብስ ላይ ማስጠለፍ ደግሞ፣ ይቅርታ ይደረግልንና፣ ልብሱን በቁሙ መቅበር ነው።

የሳልቫጅ ገበያ ለምትወዱ፣ ልብሱን ወደ ብርሃን አንሡና በጨርቁ ውስጥ አሻግራችሁ እዩ። የሳሳው ቦታ ያበራል። ብብቱንና ጭኖች የሚፋተጉበትን አትለፉ። ላስቲኩን ስቡት፣ ከተንጫጫ ሞቷል። የከል ልብሳችሁ ቡናማ ሆኖ ማቅለም ካሰባችሁ ጥጥ መሆኑን አረጋግጡ፤ ፖሊስተር የጥጥ ቀለም አይቀበልም፣ የስፌቱ ክር ፖሊስተር ከሆነም ጨርቁ ጠቁሮ ስፌቱ እንደነበረ ይቀራል። የረጠበ የቆዳ ጫማ ከሰል አጠገብ አይቀመጥ፤ ጋዜጣ ጠቅጥቃችሁበት አንድ ሁለት ቀን ይረፍ።

እንግዲህ ወደ ፌስታሉ ደረስን። በግራ በኩል ሦስት ማሽን ተዘርግቷል። ቁልፍና ዚፕ የመጀመሪያው ጋ፣ ማጥበብና ማስፋት መሀለኛው ጋ፣ ማሳጠር በሩ አጠገብ። ተራ ያዙ፣ ልብሱን ገልብጣችሁ ጠብቁ። ሱሪ የምታሳጥሩ ደግሞ ጫማችሁን እንዳታወልቁ።